ክሩን ያጠፋንበት ዓርብ

ስለ ዳይሬክተሬ ክፉውን ከመናገሬ በፊት ደግነታቸውን ላስቀድም፤ አለዚያ ሐሜት ይሆንብኛል። ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ የካ ተራራ ሥር ካለ አንድ ትምህርት ቤት ስመደብ ሃያ ዓመት እንኳን አልሞላኝም ነበር። ሴት አስተማሪ አይተው የማያውቁ ወላጆች በአጥሩ ላይ እየተንጠራሩ ሲያዩኝ፣ ወንዶቹ አስተማሪዎች ደግሞ «ይቺ እስከ ገና ከቆየች ምን አለ በሉኝ» እያሉ ሲያሾፉ፣ «ነይ ልጄ» ብለው ወንበር የሳቡልኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ጉርድ ሾላ አጠገብ የተከራየሁትን ቤት ያገኙልኝ እሳቸው ናቸው። ጉንፋን ጥሎኝ ሁለት ቀን ብቀር ባለቤታቸውን አጥሚት አስይዘው የላኩልኝም እሳቸው ናቸው። ዛሬም ስለሳቸው ሳወራ አንቱታውን አልነሳኋቸውም፤ ምላሴ ስለለመደ ነው እንጂ ልቤስ ከነሳቸው ቆይቷል።

የተሰጠኝ አራተኛ ክፍል ነበር፤ ስልሳ ልጅ፣ ባንድ አግዳሚ ላይ አምስት አምስት ሆኖ። ከፊሎቹ የወታደር፣ የነጋዴና የመንግሥት ሠራተኛ ልጆች ናቸው፤ ከመንገዱ ዳርና ከሲግናል በኩል የሚመጡ። ከፊሎቹ ደግሞ ከላይ፣ በእንጦጦ ተረተር ላይ ከሚያርሱ ጭሰኞች ቤት የሚወርዱ ናቸው፤ እቤታቸው የሚናገሩት ኦሮምኛ ነው። የታችኞቹ ሳይጠየቁ ይመልሳሉ፣ የላይኞቹ ተጠይቀውም አይመልሱም። ዝም የሚሉት ጠፍቷቸው አልነበረም። አማርኛቸው ሲሰናከል የታችኞቹ ይስቁባቸዋል፤ በኦሮምኛ ከተናገሩ ደግሞ በግቢው ደንብ ይቀጣሉ። እንግዲህ ምን ይበሉ?

ከነሱ መካከል መስኮቱ ሥር የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ነበረች። ዐሥራ አንድ ዓመት ቢሆናት ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ያስተማሯትን ሁሉ ጠየቅሁ፤ ድምጿን የሰማ አልተገኘም። ጽሑፏ የተጣራ ነው፣ ሒሳብ አትስትም። ስሟ ሲጠራ ትነሣለች፣ መሬት መሬት ታያለች፣ አስተማሪው ሲሰለቸው ትቀመጣለች። «ልፋ ቢልሽ ነው፤ ዲዳ ናት» ያሉኝም ነበሩ።

ቴፑ የተገኘው ከዳይሬክተሩ ቁም ሣጥን ነው። ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማረ አንድ ፈረንጅ አገሩ ሲመለስ ለትምህርት ቤቱ ትቶት የሄደ ቴፕ ሪከርደር ነበር፤ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ፣ ቡናማው ክር ካንዱ መንኮራኩር ወደ ሌላው የሚጠመጠምበት። የዳይሬክተሩ ባለቤት ዳንቴል ሠርተው አልብሰውታል። እንግዳ ሲመጣ ዳንቴሉ ይገለጣል፣ እንግዳው ያደንቃል፣ ዳንቴሉ ይመለሳል፤ የመሣሪያው ሥራ ይኸው ነበር። «ጋሼ፣ ይሄን ነገር ክፍል ላስገባው?» ብዬ ስጠይቃቸው አስተማሪዎቹ ሳቁ። እሳቸው ግን ቁልፋቸውን ከኪሳቸው አወጡና «ውሰጂው ልጄ፤ ዳንቴል ለብሶ ከሚያረጅ ልጅ ያስተምር» አሉኝ። ያን ቀን ጉልበታቸውን ብስም ደስ ባለኝ።

ማይክሮፎኑን መጀመሪያ ለልጆቹ ሳዞር ሁሉም ሰላምታ ሰጡት። ማንም አላዘዛቸውም፤ ሰላም ሳይሉ ነገር መጀመር ነውር ነዋ። «ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አደርክ» ይሉና መልስ ይጠብቃሉ። ቴፑ ዝም ሲላቸው አንዱ ተቀይሞ «ኩሩ ነው» አለ። ክሩን መልሼ የራሳቸውን ድምፅ ሳሰማቸው ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ሁሉም የጓደኛውን ድምፅ ወዲያው ያውቃል፣ የራሱ ሲመጣ ግን «ይሄስ እኔ አይደለሁም» ብሎ ይምላል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለሐሜት ይመስለኝ ነበር፤ ለዚህም እንደሚሆን ያን ቀን አየሁ።

ከዚያ በኋላ ያ ክፍል ሌላ ክፍል ሆነ። ንባብ ሲያነቡ እየቀዳሁ አሰማቸዋለሁ፤ ማን እንደተሳሳተ እኔ መናገር የለብኝም፣ ልጁ ራሱ ሰምቶ «እንደገና ልበለው» ይላል። በቄስ ትምህርት ቤት ያለፉት የጂኦግራፊውን መጽሐፍ ሳይቀር በዜማ ነበር የሚያነቡት፤ ራሳቸውን ሲሰሙ አፈሩና ተዉት። ለሳይንስ ወንዝ ወርደን የውሃውን ድምፅ፣ የወፍጮ ቤቱን ድምፅ፣ የአንጥረኛውን መዶሻ ቀድተን መጣንና የትኛው ምን እንደሆነ፣ ለምንስ እንደሚለያይ ግማሽ ቀን ተከራከርን። የሒሳብ ጥያቄ አንዱ አግዳሚ ቀድቶ ለሌላው ይልካል፤ የሚልከው አግዳሚ ደግሞ መልሱን አስቀድሞ ማወቅ ስላለበት ቤቱ ሲሠራ ያመሻል። ደወል ከተደወለ በኋላ እየተጎተቱ ይመጡ የነበሩት ከኔ ቀድመው በር ላይ ይጠብቁኝ ጀመር። አምስተኛ ክፍሎች ተሰብስበው «ከኛ በታች ያሉት በቴፕ ሲማሩ እኛ ምን አጠፋን?» ብለው ለዳይሬክተሩ አመለከቱ።

ትልቁ ዘዴዬ ግን ዕቃ ቤቱ ነበር፤ ካርታና ጠመኔ የሚቀመጥባት ጠባብ ክፍል። ዝም የሚሉትን ልጆች አንድ በአንድ እዚያ አስገባለሁ፣ ቴፑን እከፍታለሁ፣ ሁለት ቃል ተናግሬ አደፋፍራቸውና በሩን ዘግቼ እወጣለሁ። የፈለጉትን ያውሩ፤ በፈለጉት ቋንቋ። የግቢውን ደንብ ማፍረሴ ነበር፤ ዳይሬክተሩ ግን «የተናገሩት ለቴፑ ነው እንጂ ለግቢው አይደለም» ብለው ፈቀዱልኝ። በብልሃታቸው ቤቴ እስክገባ ሳቅሁ።

ያቺ ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት የቀዳችው ትንፋሿን ብቻ ነው። በሁለተኛው «አከም ቡልቴ» አለችው፤ እንዴት አደርክ ማለቷ ነው። ቆየችና ደገመችለት። በሦስተኛው ሳምንት ስለ ጥጃቸው ነገረችው። በአራተኛው ለሌላ ልጅ ቦታ ሳታስተርፍ ክሩ እስኪያልቅ አወራች፤ በኦሮምኛ ጀምራ፣ አማርኛ ገብታ፣ ደግሞ ተመልሳ። ድምጿ ወፈር ያለ፣ ረጋ ያለ፣ የትልቅ ሴት ድምፅ ነው። አብረን ተቀምጠን ሳሰማት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። በሳምንቱ ክፍል ውስጥ ስለ ዓባይ ገባሮች ስጠይቅ ከመስኮቱ ሥር አንድ እጅ ወጣ። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አያት። ስትመልስ የሳቀባት አልነበረም። እኔ ወደ ሰሌዳው ዞሬ ዓይኔን ጠመኔ በያዘ እጄ ጠረግሁና ቀኑን ሙሉ ቅንድቤ ነጭ ሆኖ ዋለ።

ልጆቹ ሞኞች አልነበሩም። ገና ከመጀመሪያው አንዷ «አባቴ ይሰማዋል?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። የገበሬ ልጅ የቤት ነገር ደጅ እንደማይወጣ ጡት ከጣለ ጀምሮ ያውቃል። «ማንም አይሰማም፤ እኔና ዳይሬክተሩ ብቻ። ዓርብ ዓርብ ደግሞ እናንተው ራሳችሁ ታጠፉታላችሁ» ብዬ ቃል ሰጠኋቸው። እንዳልኩትም አደረግሁ። ፈረንጁ የተወልን ሁለት ክር ብቻ ነው፤ አንዱን እንሠራበታለን፣ ሌላው ሳይነካ ከነላስቲኩ ተቀምጧል። ዓርብ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ የሳምንቱን ክር መሣሪያው ላይ አስቀምጣለሁ፣ አንድ ልጅ ወጥቶ ቀዩን ቁልፍ ይጫናል፣ ክፍሉ ትንፋሹን ውጦ ዝም ይላል። ዝምታው በድምፃቸው ላይ እየተቀዳ ያጠፋዋል። ስልሳ ልጅ እንደዚያ ዝም ሲል ቅዳሴ ላይ እንኳን አላየሁም።

የልጅ ልጄ ዛሬ አስተማሪ ናት። ልጆቹን በስልክና በስክሪን እንዴት እንደምታነቃቸው ስታጫውተኝ ደስ ይለኛል፤ እውነቴን ነው። የምጠይቃት ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፦ «ያሉትን ማን ይሰማዋል?» እሷ እርጅና ነው ብላ ትስቃለች።

የማላውቀውን ኦሮምኛ የሚተረጉሙልኝ ዳይሬክተሩ ነበሩ፤ እናታቸው የሰላሌ ሰው ናቸውና ያደጉበት ቋንቋ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ቢሯቸው ተቀምጠን የሳምንቱን ክር እንሰማለን። «እስቲ ስሚያት ይችን! ላሟ ወተት የከለከለችው እናቴ ስታልባት ስላልዘፈነችላት ነው እኮ ነው የምትልሽ!» እያሉ ጭናቸውን በጥፊ ይመታሉ። አንድ ቀን መነጽራቸውን አውልቀው «ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን አስተምሬ እነዚህን ልጆች አላውቃቸውም ነበር» አሉኝ። አባቴ የሞተው እኔ በእግሬ ሳልሄድ ነው። አባት ቢኖረኝ እንዲህ ያለ ይሆን ነበር እያልኩ ነበር የማያቸው፤ ይህን መናገር ዛሬም ያሳፍረኛል።

የካቲት ላይ ከትምህርት ቤቱ በላይ ያለው የባሕር ዛፍ ደን ተመነጠረ። ደኑ የባለርስቱ የፊታውራሪው ነው። የላይኞቹ ልጆች አባቶች ሁሉ የሳቸው ጭሰኞች ናቸው፤ ትምህርት ቤቱ የቆመበትንም መሬት የሰጡት እሳቸው ናቸው። አንድ ማለዳ ለቤት ቋሚ የደረሰው አጣና ተቆርጦ ጉቶው ብቻ ተገኘ። ፊታውራሪው ለጭቃ ሹሙ ነገሩ፣ ጭቃ ሹሙም አውጫጭኝ ጠራ።

አውጫጭኝን ለማያውቅ ላስረዳ። ያገሩ ወንድ ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ በደለኛው እስኪታወቅ ማንም ወደ ሥራው አይሄድም። እያንዳንዱ ያየውንና የሰማውን ላይሸሽግ ይምላል። የሚያውቅ ሰው ግን «እገሌ ሲሰርቅ አየሁ» አይልም፤ «ወፍ ነገረችኝ» ይላል። ወፏ ማን እንደሆነች አይጠየቅም፣ ስሟም አይነሣም፤ ነገ ጎረቤት ከጎረቤቱ ደም እንዳይቃባ ነው ዘዴው። አንዲት ወፍ ደግሞ ብቻዋን ሰው አታስይዝም፤ ሌሎች ወፎች መጥተው ሊደግፏት ይገባል። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ተቀምጠው አንዲትም ወፍ አልመጣችም። ዳይሬክተሩም በዚያው አገር የራሳቸው ቤት ስላላቸው ሁለቱንም ቅዳሜ ከገበሬው ጋር ፀሐይ ሲመታቸው ዋሉ። በሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ ቢሯቸው ስገባ ግንባራቸው ተልጦ ነበር።

ያን ሐሙስ የሰማነው ክር የዚያችው ልጅ ነው። የሳምንቱ ርእስ «ቤታችን» ነበር። አባቷ አዲስ ቤት እየሠራላቸው ነው፤ ለሷ ብቻዋን የምትተኛበት መደብ ይኖራታል፤ መደቡ ላይ ሆና በመስኮት ትምህርት ቤቱ ይታያታል። ወደ ኦሮምኛ ስትገባ ዳይሬክተሩ እየሳቁ መተርጎም ጀመሩ። ድንገት አቆሙ። ክሩ መዞሩን፣ ልጅቱም ማውራቷን ቀጥላለች።

«ምን አለች?» አልኳቸው።

«ምንም። ስለ ልጣጭ ነው» አሉ። ክሩ አለቀ። ከዚያ መነጽራቸውን እየወለወሉ «ልጄ፣ በሚመጣው ሳምንት ከሚኒስቴር ኢንስፔክተር ይመጣል። ይችን ክር አታጥፊያት፤ ለኔ ስጪኝ። ዲዳ ያሏትን ልጅ እንዴት እንዳናገርሻት ላሰማው። ለሥራሽ ከዚህ የበለጠ ምስክር ከየት ይመጣል?» አሉኝ።

እምቢ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ደስ አለኝ። እስከ ገና አትቆይም ያሉት ሰዎች ፊት ዓይኔ ላይ ድቅን አለ፤ ኢንስፔክተሩ እጄን ሲጨብጠኝም ታየኝ። ክሩን በሁለት እጄ አቀበልኳቸው።

በማግስቱ ዓርብ ነው። ከነላስቲኩ የተቀመጠውን አዲሱን ክር አወጣሁና መሣሪያው ላይ አስቀመጥኩ። እውነቱን ልንገራቸው ብዬ አስቤ ነበር፤ ግን ማብራራቱ ታከተኝ፣ ደግሞ ምን ችግር አለው፣ ለአንድ ሳምንት ብቻ ነው አልኩ። ቁልፉን የመጫን ተራው የሷ ነበር። ወጥታ ቀዩን ቁልፍ በአውራ ጣቷ ተጫነች፤ እንዳይለቃት ሌላውን እጇንም ደረበችበት። ምንም ያልተቀዳበት ክር ዞረ። ክፍሉ ትንፋሹን ውጦ ዝም አለ። እኔም አብሬያቸው ዝም አልኩ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ደብተር ላርም ትምህርት ቤት ሄድኩ። አውጫጭኙ የሚደረግበት ሜዳ ከአጥሩ ማዶ ነው፤ ሴት አትገባበትምና እኔም ጉዳዬ አልነበረም። መስኮቱን ከፍቼ እያረምኩ ሳለ ከሜዳው የሴት ድምፅ መጣ።

«አይዞሽ የኔ እመቤት፣ ማንም አይሰማሽም። እኔና አንቺ ብቻ ነን።»

የራሴ ድምፅ መሆኑን ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ። ከዚያ ያ ሁሉ ወንድ ባንድ ላይ ሲስቅ ሰማሁ።

ወደ አጥሩ ሮጥኩ። ቴፑ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ዳይሬክተሩ አጠገቡ ቆመዋል፣ ፊታውራሪው ወንበር ላይ ናቸው፣ ገበሬው ሣሩ ላይ። አንድ ሽማግሌ ዘንጋቸውን ተደግፈው ተነሡና «ኧረ ጌታው፣ ወፍ ተይዛ አትመጣም! አባቶቻችን እንዲህ አላደረጉም» አሉ። ዳይሬክተሩ «አባቴ፣ ዘመኑ የሳይንስ ነው። ሰው ይዋሻል፣ ይሄ አይዋሽም» ብለው መለሱላቸው። ሽማግሌው እያጉረመረሙ ተቀመጡ።

«አባቴ ቤት እየሠራልን ነው» አለች ልጅቱ በአማርኛ። ድምጿ ከሜዳው ዳር እስከ ዳር ጥርት ብሎ ሄደ። ጭቃ ሹሙ እጁን አንሥቶ ቴፑን አስቆመና «ይህች የማን ልጅ ናት?» ብሎ ጠየቀ።

ከጭሰኞቹ መካከል አንድ ረዥም ሰው ተነሣ። ፈገግ ብሎ ነበር። ፈገግ ብሎ ነበር እላችኋለሁ! ልጁ እንደዚያ ስትናገር ሰምቶ አያውቅም፤ እንዲያ ባለ አማርኛ፣ በሹም ፊት፣ በመንግሥት መሣሪያ። «የኔ ናት፤ የኔ ልጅ ናት» አለ፣ ጎረቤቶቹ መስማታቸውን ግራና ቀኝ እያየ። ተቀመጥ ሲሉትም አልተቀመጠም፤ ቆሞ ሊሰማት ፈለገ።

ክሩ ቀጠለ። ልጅቱ ስለ መደቧ፣ ስለ መስኮቷ ተናግራ ወደ ኦሮምኛ ገባች። ገበሬው ያለ አስተርጓሚ ይሰማታልና ሜዳው ላይ ሳቅ ጠፋ። ፊታውራሪው «ምን አለች?» ሲሉ ዳይሬክተሩ ጮክ ብለው ተረጎሙላቸው፤ ሐሙስ ለኔ ያልተረጎሙልኝን ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። «አጣናው ገና እርጥብ ነው። ልጣጩን የላጥነው እኔና እናቴ ነን። አባቴ ሜዳ አትጣሉት፣ ቅበሩት ብሎን ከበረቱ ኋላ ቀበርነው።»

የሰውየው ፈገግታ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። መጥተው የሚደግፉ ሌሎች ወፎች አላስፈለጉም፤ ልጄ ናት ብሎ በገዛ አፉ ከተናገረ በኋላ ያን ሕግ ያስታወሰ የለም። ሄደው ከበረቱ ኋላ ቆፈሩ፣ ልጣጩም ወጣ። ቤቱ እንዲፈርስ፣ አጣናውን ራሱ ተሸክሞ ፊታውራሪው ደጅ እንዲመልስ፣ ከመሬቱም እንዲነሣ ተፈረደ። ቆርጧል፤ አልክድም። ግን ያን ደን ችግኙን በጀርባው ተሸክሞ የተከለውና ሁለት በጋ ውሃ ያጠጣው እሱ ነው፤ ለፊታውራሪው፣ በነፃ። ሌባ የሚለው ቃል በሱ ላይ አልመጣልህ ብሎኝ ይኸው እስከ ዛሬ አለሁ።

ሰው ሲበተን ዳይሬክተሩ ቴፑን ታቅፈው ወደ ግቢው ገቡ። በር ላይ ጠበቅኋቸው።

«ጋሼ፣ ኢንስፔክተሩ መቼ ነው የሚመጣው?» አልኳቸው።

ዓይናቸውን የሚሸሹ መስሎኝ ነበር፤ አልሸሹም። «ልጄ፣ ምዬ ነበር። የሰማሁትን ልሸሽግና በሐሰት ልማል? ነፍስ አለኝ እኮ» አሉኝ።

«ወፍ ነገረችኝ ብለው መተው አይበቃም ነበር? ልጅቱን ሜዳ ላይ ማውጣት ምን አመጣው?»

«አንዲት ወፍ ማን ይሰማል? ሁለት ቅዳሜ ያገር ወንድ ሥራ ፈቶ ተቀመጠ። ደግሞ ስሚ፣ ፊታውራሪው ከግቢው በታች ያለውን ቦታ ለትምህርት ቤቱ ሰጥተውናል። ሁለት ክፍል ይወጣዋል። አንቺ አንዲት ልጅ ታያለሽ፤ እኔ ገና ያልመጡትንም ማየት አለብኝ።»

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል። ፈረስስ ጥሎ ዝም ይላል፤ እሳቸው ጥለውኝ ለምን እንደጣሉኝ ያስረዱኝ ነበር። እርር ድብን አልኩ። «አሞኙኝ» አልኳቸው። «አላሞኘሁሽም፤ ኢንስፔክተሩ ሲመጣ ስለ ሥራሽ እነግረዋለሁ» አሉኝ። ይህን ሲሉኝ ፊታቸው ላይ ክፋት ፈልጌ ማጣቴ የባሰ አናደደኝ። እውነትም ነገሩት። ኢንስፔክተሩም እውነትም እጄን ጨበጠኝ፤ ምን እንዳለኝ ግን አልሰማሁትም።

ሰኞ ቴፑን ይዤ ክፍል ገባሁ። ለምን እንደያዝኩት አላውቅም፤ እልህ ነው መሰለኝ። «እንደምን አደራችሁ» ስል የታችኞቹ መለሱ፣ የላይኞቹ አልመለሱም። ማይክሮፎኑን ወደ መጀመሪያው አግዳሚ ስዘረጋው ጫፍ ላይ ያለው ልጅ አፉን በሁለት እጁ ሸፈነ። አንድ የወታደር ልጅ ተነሥቶ በትሕትና «እትዬ፣ አባቴ ቴፑ ፊት እንዳትናገር ብሎኛል» አለኝ። የታችኞቹም ገብቷቸዋል ማለት ነው። መስኮቱ ሥር ቦታው ባዶ ነበር። መሣሪያውን ዘጋሁና መጽሐፍ አውጡ አልኩ፤ እንደ ድሮው እኔ አነበብኩ፣ እነሱ ሰሙ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ወደ ላይ ወጣሁ። ዳገቱን ስወጣ የምናገረውን እየደጋገምኩ ነበር። ክሩ እንዳልጠፋ፣ ያላጠፋሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ዓርብ የተጫነችው ቁልፍ ባዶ ክር ላይ እንደነበረ እነግራታለሁ፤ ይቅርታም እጠይቃታለሁ። ቤቱን መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ሲፈርስ ከሩቅ ይታያል። እናትየው ዕቃ በአቁማዳ ታስራለች። አባትየው አጣናውን አንድ በአንድ እየነቀለ ያጋድማል። ሲያየኝ ሥራውን ትቶ ቀና አለና «ኖር! ቤት ለእንግዳ» አለኝ። አፉ ለምዶ ነው። የሚገባበት ቤት ግን አልነበረም፤ እሱም ካለው በኋላ ነገሩ ገባውና ዞር አለ። ወደ ሰንዳፋ በኩል፣ የሚስቱ ዘመዶች ዘንድ እንደሚሄዱ እናትየው ነገረችኝ። እዚያ ትምህርት ቤት እንዳለ ጠየቅኋት። እንዴት ያለ ጥያቄ ነው ብላ አየችኝ።

ልጅቱ ከበረቱ በኩል መጣች። ፊት ለፊቴ ቆመች። እንደ ክፍሉ መሬት መሬት አላየችም፤ ዓይኔን አየችኝ።

«እትዬ» አለች። በመካከላችን ምንም መሣሪያ ሳይኖር፣ በዚያ በረጋ ድምጿ። «ቁልፉን በደንብ አልተጫንኩትም መሰለኝ።»

አፌን ከፈትኩ። አባትየው አንድ አጣና እንዳቀፈ ቆሞ ይሰማናል። ዳገቱን ሙሉ ያጠናሁት ቃል ጉሮሮዬ ላይ ነበር፤ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ዳይሬክተሩ ናቸው» አልኳት። «ክሩን ወስደው ያሰሙት እሳቸው ናቸው። እኔንም ከድተውኛል።»

አንድም ውሸት አልነበረበትም። ልጅቱ ጥቂት አሰበችና ራሷን ነቀነቀች።

«እሳቸውማ ባይጠፋ ነው ያሰሙት። ጠፍቶ ቢሆን ምን ያገኙ ነበር?» አለችኝ። ከዚያ አውራ ጣቷን አየችው። «በሁለት እጄ ነበር እኮ የተጫንኩት።»

እናቷ ጠራቻት። ጥጃውን ፈትታ ወደ ተራራው ማዶ መንዳት ጀመረች። ክሩ ባዶ እንደነበረ ሳልነግራት ቆሜ አየኋት።